ዘይት የማትጠጣዋ መኪና

ናፍጣ ከእጅ ቶሎ አይለቅም። በሣሙና ታጠብሁ፣ በአመድ ፈተግሁ፣ ሎሚ ጨመቅሁበት፤ ይኸው ሳምንት ሊሞላኝ ነው፣ ጉርሻ ወደ አፌ ባስጠጋሁ ቁጥር ይሸተኛል። ዱሮ ይህ ሽታ ደስ ይለኝ ነበር። የደመወዝ ቀን፣ የመንገድ ወሬ፣ የጎረምሳነት ሽታ ነበር። አሁን ይከብደኛል። ጧት ስነሣ ወገቤ፣ ከወገቤ ቀጥሎ ጉልበቴ፣ ከጉልበቴ ቀጥሎ ይህ ሽታ እየመጣ ቀኑን ገና ሳልጀምረው ያደክመኛል። የሽታውን ምክንያት ጽፌ ብገላገለው ይሻላል ብዬ ነው የተቀመጥሁት።

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ሰባታሚት ባለው ግቢያችን፣ ከማንጎው ሥር፣ አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ቆማለች። «እሜቴ» እንላታለን። ስሙን ያወጣላት የባለቤቴ የየሺ ታናሽ ወንድም ይርጋ ነው፤ ዳገት ላይ ካልለመኗት አትወጣም፣ ጧት ካላባበሏት አትነሣም ብሎ። ይርጋ ሾፌሬ ነበር። በዚህ ቤት የይርጋ ስም ጮክ ተብሎ ከተጠራ ግን ሃያ ዓመት አልፏል። ናፍጣ ትሰርቃለህ ብዬ ከመኪናዬ ያወረድሁት፣ ደጄንም የከለከልሁት እኔ ነኝ። የሺ ሌላ ወንድም የላትም፤ እኅትም የላትም። እርሱ አንበሳሜ፣ እኛ እዚህ፤ ጧት ወጥተው ማታ የሚመለሱበት መንገድ ነው። ያን መንገድ ሃያ ዓመት ዘግቼባት ኖርሁ፤ የዘጋሁት ደግሞ እውነት ይዣለሁ ብዬ ነው።

እኔ ለዚህ አገር እንግዳ ነበርሁ። ከደብረ ብርሃን ለፋብሪካ ሥራ ተቀጥሬ ስመጣ ጢሜ እንኳ በወጉ አልወጣም ነበር። ያን ጊዜ ባሕር ዳር የቢስክሌት ከተማ ናት። የፋብሪካው ፉጨት ሲጮህ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሠራተኛ በቢስክሌት መንገዱን ሞልቶ ይወጣል፤ ሚስቱን ከኋላ የጫነ አለ፣ በአንድ እጁ ዳቦ ይዞ በአንድ እጁ የሚነዳ አለ። እኛ ወንደላጤዎቹ ቀጥታ ወደ ሐይቁ ዳር ነበር። ዘንባባዎቹ ሥር ቆረሶ የሚጠብሱ ሴቶች ይቀመጣሉ፤ አንድ ሙሉ ዓሣ ከነሎሚው፣ ከነሚጥሚጣው፣ ዛሬ ፌስታሉን እንኳ በማይገዛ ሳንቲም ይበላ ነበር። አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ የሚረክስበት ዘመን ነው፤ ለወጣት ሲነግሩት ያፌዙበት ይመስለዋል። የሺን ያገኘኋት እዚያው ፋብሪካ፣ የጨርቅ ፍተሻ ክፍል ነው። ቢጫ ሻርፕ ታስር ነበር፤ እንከን ያለበትን ጨርቅ በጣቷ ዳብሳ ብቻ ታውቀዋለች ይባልላት ነበር። እኔ ጥገና ክፍል ነበርሁና ማሽኗ ሳይበላሽ እየሄድሁ አየሁላት። ዛሬ ዘንባባዎቹ አሉ፣ ሐይቁም አለ፣ ቢስክሌቱን ግን ባጃጅ በላው። በዚያ በኩል ሳልፍ ማን የት ይቀመጥ እንደ ነበር በልቤ እየቆጠርሁ ነው የማልፈው።

እሜቴን የገዛኋት ቁጠባችንን አሟጥጬ፣ የየሺንም የጆሮ ጌጥ አሽጬ ነው። የመንግሥት ሥራ ላይ ሳለሁ መኪና ማቆም ትልቅ ነገር ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ጎማዋን በእግሩ እየመታ መርቆልኛል። ሾፌር ሲያስፈልግ የሺ «ወንድሜ መንጃ ፈቃድ አውጥቷል» አለች፤ ይርጋም ከአንበሳሜ መጣ። ቁመቱ እስከ በሩ ጉበን፣ የቆዳ ጃኬቱን በሐሩርም የማያወልቅ፣ ሳቂታ ልጅ። ከወረታና ከይፋግ ሩዝ፣ ከአንበሳሜ ጤፍ እየጫነ ይገባ ነበር። የካሴት ማጫወቻዋ ከሞተሯ ይበልጥ ትጮኽ ስለ ነበር መምጣቱን ከሩቅ ነው የምናውቀው፤ ካሴቱ ሲጨማደድበት በስክሪብቶ እየጠቀለለ ያስተካክለዋል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እሜቴን ግቢ ውስጥ እንፈታታለን። እኔ ከላይ፣ ይርጋ ከሥር፣ የሺ በርጩማ ላይ ሆና የቡሎን መፍቻ ቁልፍ አቀባይ ነበረች። «አሥራ ሦስት ቁጥር» ስንላት ሳታይ ነበር የምታነሣው። ሦስታችን የምንበላው ምሳ ናፍጣ ናፍጣ ይል ነበር፤ ማንም አይከፋውም። አሥር ዓመት ያህል እንዲህ ሠራን፤ እንደዚያ የጠገብሁበት ዘመን የለም።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው። ይርጋ ከመንገድ ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የዘይት መለኪያ ዘንጓን ይስባል፤ በጨርቅ ይጠርጋል፣ መልሶ ይነክራል፣ አውጥቶ ያሳየኛል። «ስንት ጨመርህ?» እለዋለሁ። «ጠብታ አልጨመርሁም ጋሼ!» ይለኛል። ዘይቱ ከምልክቱ ንቅንቅ አይልም። አሮጌ ሞተር ዘይት ይበላል፤ በየጉዞው ካልጨመሩለት ይነክሳል፣ ደርቆ ይቆማል። የእኛዋ ግን አትጠጣም! የጥገና ባለሙያ ነኝ ባዩ እኔ ለምን ብዬ መጠየቅ ሲገባኝ ጎረቤት ጠርቼ አሳየሁ። መኪና ያላቸው ሰዎች ምሥጢሩን ሲጠይቁኝ «አያያዝ ነው» እያልሁ ደረቴን ነፋሁ። ይርጋም በየደረሰበት «ዘይት የማትጠጣዋ» እያለ ይኩራራባት ነበር። እንዲህ ያለ ጅል ደስታ ነበረን።

ከዚያ ናፍጣ መጉደል ጀመረ። መንገዱ ያው፣ ጭነቱ ያው፣ የምትጨርሰው ግን እየበዛ ሄደ። መጀመሪያ ዝም አልሁ። ቀጥሎ የታንከሩ ክዳን ላይ ቁልፍ አስበየድሁበት፤ መክፈቻው ሁለት ነበር፣ አንዱ ከእኔ ኪስ፣ አንዱ ከይርጋ አንገት። አሁንም ጎደለ። እንግዲያ እኔ አልቀዳሁ፣ ማን ቀዳ? ቀላል ነገር መሰለኝ። ሽማግሌ ጠራሁ። በአንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ዋርካው ሥር ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹም እንደ ወጉ «ማልና ይብቃ» አሉት። ይርጋ ተነሥቶ ቆመ። ጃኬቱን የዚያን ቀን አውልቆ ነበር።

«ለናፍጣ ብዬ የእግዜርን ስም አልጠራም» አላቸው። «ያመነኝ ይመነኝ፤ ያላመነኝ የራሱ ጉዳይ ነው።»

ቢማል ኖሮ አምነው ነበር? እንጃ። እምቢ ማለቱን ግን እኛ ሁላችን ጥፋቱን እንዳመነ ቆጠርነው። ንጹሕ ሰው ምን አስፈርቶት አይምልም ተባባልን። እርሱ ግን የፈራው መሐላውን እንጂ እኛን አልነበረም፤ ይህን ለማወቅ ሃያ ዓመት ፈጀብኝ። ከአንገቱ መክፈቻውን አወለቀ፣ እግሬ ሥር አኖረው፣ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ በእግሩ ሄደ።

የሺ ያን ጊዜ ምንም አላለችም እያልሁ ለሰው ስናገር ኖሬአለሁ። ውሸት ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ብላለች። «ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ ጠኔ ቢጥለው የሰው አይነካም» ስትለኝ «እኔ ደግሞ ሞተር አውቃለሁ፤ ናፍጣ በራሱ እግር አይወጣም» እላት ነበር። ከዚያ በኋላ ደከማትና ተወችው። እናቷ አንበሳሜ ታመው ሲተኙ ብቻዋን ሄዳ አስታመመች፤ ሲቀበሩ እኔ ከዕድር ሰዎች ጋር ደርሼ ከመቃብሩ ወዲህ ማዶ ቆምሁ፣ ይርጋ ወዲያ ማዶ። እርሱ ልጆቹን ሲድር እርሷ ልብስ በሰው ላከች። የእኛም ልጆች አጎት ሳይኖራቸው አደጉ፣ ተማሩ፣ እየተነሡ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ቀረን፤ ማታ ማታ ሬዲዮኑ ነው የሚያወራው።

ለነገሩ ከይርጋ በኋላም ናፍጣው መጉደሉን አልተወም። ሌላ ሾፌር አልቀጠርሁም፤ በዕረፍቴ ቀን፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ራሴ ነበርሁ የምነዳት። ሲጎድልብኝ ምን አልሁ መሰላችሁ? «ማደያው ሰረቀኝ» አልሁ። እኔን ማል ያለኝ ሽማግሌ አልነበረም። ዘይቱን ስቀይርም ቀጥኖ እንደ ውኃ ሲፈስ አይቻለሁ፤ «አርጅቷል» ብዬ ደፋሁት። ዓይኔ እያስቸገረኝ ሲመጣ ታንከሯን ባዶ አድርጌ ከማንጎው ሥር አቆምኋት። እነሆ ከቆመች ስድስት ሰባት ዓመት ሆኗታል፤ ዶሮዎች ወንበሯ ላይ ይተኛሉ።

በዚህ ወር ወረታ ያሉ አንድ የሩዝ ነጋዴ፣ ሐጂ ኑሩ የሚባሉ ጨዋ ሰው፣ ልግዛት ብለው መጡ። ዞሯትና «ጋሽ ሙላት፣ ሞተሯ ስትነሣ ልስማና እንነጋገራለን» ብለውኝ ሄዱ። የዘይት ዘንጓን ሳብሁ፤ ከምልክቱ በላይ ነው። «አየሽ፣ ዛሬም አትጠጣም!» አልኋት የሺን፤ እርሷ ልብስ ማስጣቷን ቀጠለች። ባትሪ ተውሼ፣ በጄሪካን ናፍጣ ጨምሬ ሞከርሁ፤ ሞተሯ ዞረች፣ አልተነሣችም። ናፍጣ አይደርሳትም። ነገሩ ፖምፓዋ ነበር። ፖምፓ ማለት ናፍጣውን ከታንከሩ ስቦ ለሞተሩ የሚያቀብል፣ ጡጫ የሚያህል ነገር ነው፤ በሁለት ቡሎን ሞተሩ ጎን ላይ ይታሰራል፣ ሆዱ ውስጥ ናፍጣና የሞተር ዘይት እንዳይገናኙ የሚከልል የላስቲክ ሽፋን አለው። ሦስት የመለዋወጫ ሱቅ ዞሬ አቧራ የጠገበ አንድ አዲስ አገኘሁ። ባለሱቁ «አባባ፣ ይቺ መኪና አሁንም አለች?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም አለሁ አልሁት።

ሐሙስ ጧት ኮፈኑን ከፈትሁ። ዱሮ ዘልዬ የምወጣበት የፊት መከላከያ ብረቷ፣ ፓራውልቷ ላይ ለመውጣት በርጩማ ደረደርሁ። የሺ ድስቷን ጥዳ መጣችና ሳልጠይቃት መሣሪያ ሳጥኑ አጠገብ ተቀመጠች። «አሥራ ሦስት ቁጥር» አልኋት። ሳታይ አነሣችው። ቡሎኖቹ ዝገው እምቢ አሉኝ፤ እጄ እንደ ዱሮው አይጨብጥም፣ መነጽሬ በላብ ይንሸራተታል፣ በየደቂቃው ዐርፋለሁ። ሁለቱን ቱቦዎች ፈታሁ፣ አሮጌውን ፖምፓ ነቅዬ አወጣሁት። ከጀርባው፣ ዘይት ብቻ መሆን ከሚገባው በኩል፣ ናፍጣ ተንጠባጠበ። ናፍጣ እዚያ ምን ይሠራል? ክዳኑን ከፈትሁና ላስቲኩን ወደ ብርሃን አዞርሁት። ዳር እስከ ዳር ተተርትሯል። ትርትሩ የዛሬ አልነበረም፤ ጠርዙ ተበልቶ፣ ጠቁሮ፣ ለስልሶ ነበር፤ ከብረት ጋር ዕድሜዬን የጨረስሁ ሰው ይህን አልሳሳትም። የዘይት ዘንጓን ስቤ አሸተትሁ። ናፍጣ ነው። ታንከሩን ባዶ አድርጌ ነበር ያቆምኋት፤ ዘይቱም የጄሪካኑን ናፍጣ ሳልጨምር በፊት ከምልክቱ በላይ ነበር፤ ስለዚህ ይህ ናፍጣ ትሄድ በነበረ ጊዜ የገባ ነው። ለካ በየመንገዱ ናፍጣው በዚያች ትርትር እየሾለከ ወደ ዘይቱ ይገባ ነበር፤ ለካ ሞተሯ የበላችውን ዘይት ናፍጣ እየተካው ነው ምልክቱ ላይ የሚቆየው። ዘይት የማትጠጣዋ! ይርጋ የጨመረው የቀነሰው ነገር አልነበረም። ሌባው ጎረቤት እየጠራሁ ያሳየሁት ኩራታችን ነበር።

ለየሺ ወዲያው አልነገርኋትም። ፈሪ ነኝ። አዲሱን አሰርሁ፣ የተበላሸውን ዘይት አወረድሁ፣ አዲስ ሞላሁ። የቱቦውን ጫፍ ትንሽ አላልቼ በፖምፓው እጀታ አየሩን አስወጣሁት፤ መጀመሪያ አረፋ፣ ቀጥሎ አረፋና ናፍጣ፣ በኋላ ናፍጣው ብቻ ጥርት ብሎ ወረደ። ወንበሯ ላይ ወጥቼ ቁልፏን አዞርሁ። አስነጠሰች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ተነሣች። ዶሮዎቹ ተበታተኑ፤ የሺ አጨበጨበች። እዚያው ሞተሩ እየጮኸ፣ ከመሪው ላይ ሆኜ «ይርጋ አልሰረቀም» አልኋት።

«ምን አልህ?» አለች እጇን ወደ ጆሮዋ አድርጋ።

እንደገና ማለት ነበረብኝ። ሞተሩን አጠፋሁት፤ ጸጥ አለ። «ይርጋ አልሰረቀም። ፖምፓው ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው» አልሁ። ድምፄ ራሱ አሳፈረኝ። የሺ የያዘችውን ቁልፍ በጨርቅ ጠረገች፣ ሳጥኑ ውስጥ በቦታው አኖረችው፣ ክዳኑን ገጠመች። እንድትጮኽብኝ ፈልጌ ነበር።

«ቅዳሜ አንበሳሜ እንሄዳለን» አለች፤ ወደ ድስቷም ገባች።

ቅዳሜ አሮጌውን ፖምፓ በፌስታል ጠቅልዬ በሚኒባስ ሄድን። ሐጂ ኑሩ ሁለት ጊዜ ደወሉ፤ አላነሣሁም። የሺ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ መንገዱን ታይ ነበር። የአንበሳሜ ገበያ የተለመደው ነው፤ ሰልፍ ሙሉ አህያ፣ የጤፍ ማዳበሪያ፣ ጫጫታ። ይርጋ ወፍጮ ቤት አለው። እኔ በሩ ላይ ስደርስ ቆምሁ። የዚህ አገር ሰው በድሎ ይቅርታ ሲለምን የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አነሣሁና ማጅራቴ ላይ ተሸከምሁ። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ይርጋ ወጣ፤ ቅንድቡ በዱቄት፣ ጸጉሩ ደግሞ በዕድሜ ነጭቷል። ሊያውቀኝ ትንሽ ቆየ። ወደ ውስጥ ጮኾ ወፍጮውን አስጠፋ።

«ኧረ ይተዉ ጋሼ! ያውርዱት! ምን መዓት ነው?» ብሎ ሊያስጥለኝ መጣ።

«መጀመሪያ ያንን እይ» አልሁት።

የሺ ፌስታሉን ሰጠችው። ወንድምና እኅት ተያዩ፤ ገና አልተሳሳሙም። ይርጋ ፖምፓውን አገላበጠ፣ ጣቱን በትርትሩ አሾለከ፣ አሸተተው። የወፍጮ ሞተር ያለው ሰው ነው፤ ማስረዳት አላስፈለገኝም። «ዘይት የማትጠጣዋ» አለ ቀስ ብሎ። ፊቱ ክፉኛ ተለዋወጠ። ግድግዳውን ተደግፎ «ጋሼ፣ እኔ እኮ እርስዎን ነበር የጠረጠርሁ» አለኝ።

«እኔን?»

«መክፈቻው ሁለት ነበር። እኔ አልወሰድሁም፤ ማን ቀረ? ራሱ እየቀዳ በእኔ ያላክካል፣ ሊያባርረኝ ምክንያት ፈልጎ ነው አልሁ። ማል ስባል ዝም ብለው አዩኝ፤ እርስዎን ግን ማል ያለዎ ሰው የለም። ላገሩ ሁሉ አውርቼብዎታለሁ፤ ሌባ ነው ብዬ። ለእናቴም ነግሬያት፣ ያንን ይዛ ነው የሞተች።»

ይህን ብሎ ዞረ። ወደ አጥሩ ሄዶ እርሱም ድንጋይ አነሣና ማጅራቱ ላይ አኖረ። ሁለት ሽማግሌዎች ከነድንጋያችን ፊት ለፊት ጎንበስ ብለን ቆምን፤ ሊያስፈጩ የመጡ ሰዎች እህላቸውን አውርደው ያዩናል። «ይቅር በለኝ» እላለሁ፣ «እርስዎ ይቅር ይበሉኝ» ይለኛል። ዕንባውም ሳቁም አንድ ላይ መጣብን። ደስ አለኝ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ እውነተኛ ደስታ ነበር። ድንጋዩን ላወርድ እጄን ሰነዘርሁ።

«ጨረሳችሁ?» አለች የሺ።

የእህል ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነበር። የደስታ ለቅሶ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ዓይኗ ደረቅ ነው።

«እናቴ ሞት አፋፍ ላይ ሆና ‹ባልሽ ሌባ ነው› አለችኝ። ቤቴ ስገባ ‹ወንድምሽ ሌባ ነው› ተባልሁ። ሁለታችሁም እንዳልሰረቃችሁ ሳውቅ የኖርሁ እኔ ብቻ ነኝ። ሃያ ዓመት ‹የሺ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?› ያለኝ ሰው የለም። አሁንም እርስ በርስ ትታረቃላችሁ፣ እኔን ቁልፍ አቀባይ አድርጋችሁ።»

ይርጋ «እታለም…» ብሎ ድንጋዩን ሊያወርድ ተነቃነቀ።

«አታውርደው» አለችው። ወደ እኔም ዞረች። «አንተም አታውርደው። እኔ ሃያ ዓመት ተሸክሜዋለሁ፤ እናንተ ገና አሁን ነው ያነሣችሁት።»

ሁለታችንም ወደ እርሷ ዞርን። አንገታችንን ደፍተን፣ ከነድንጋያችን፣ ሃያ ዓመት ማንም ያልጠየቃትን ተናግራ እስክትጨርስ ድረስ ቆምን።